ገበያ ሞቷል

ኮልፌ አጣና ተራ አካባቢ ነጋዴን «ገበያ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። «ሞቷል» ነው የሚባለው። ሱቁ እስኪራቆት የሸጠም ሞቷል ይላል፣ ቀኑን ሙሉ ዝንብ ሲያባርር የዋለም ሞቷል ይላል። ዓይን አለ፣ ግብር አለ፣ ብድር ፈላጊ ዘመድ አለ፤ አተረፍኩ እያለ የሚያወራ ነጋዴ ጤነኛ አይደለም።

መጋረጃ ሻጯ ዘይነባ በዚህ ቋንቋ ነው ያደገችው። እናቷ መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግታ ጨርቅ ስትሸጥ አጠገቧ ቁጭ ብላ ተማረችው፤ የራሷን ሱቅ ስትከፍትም ይዛው ገባች። ጎረቤቷ አየለች፣ የላስቲክ ዕቃ ነጋዴዋ፣ ሱቋን እየከፈተች ጠዋት ጠዋት ትጠይቃታለች። ዘይነባም ገበያውን ገድላ ትቀብረዋለች። ሁለቱም ይስቁና ሥራ ይጀመራል።

ባሏ ኑሕ ግን ከዚህ ቋንቋ ወጣ። ድሮ ደንበኛ ቤት ድረስ ሄዶ መስኮት የሚለካው፣ መጋረጃ የሚሰቅለው እሱ ነበር። አሁን ለቤት መሥሪያ ያጠራቀሙትን ብር ይዞ፣ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጦ በስልኩ ዶላር ይገዛል፣ ይሸጣል። እንዴት እንደሆነ ዘይነባ አይገባትም፤ የሚገባት ስልኩን በግንባሩ መድፋት መጀመሩ ብቻ ነው። ስትጠይቀው ሁሌም አትርፏል። ትርፉስ የት አለ ስትለው «እዚያው እየሠራ ነው» ይላል። ሰውዬው ያተርፋል፣ የታክሲ ግን ከእሷ ይቀበላል።

በዚህ መሃል ዕቁብ ደረሳት። ለዓረፋ አዲስ ዕቃ ልታስገባበት ያሰበችው፣ የዓመቱ ተስፋዋ እሱ ነው። ኑሕ ለመናት።

«ዘይኔ፣ ስጪኝ፤ ለዓረፋ እጥፍ አድርጌ እመልስልሻለሁ፣ ወላሂ።»

«አትማል» አለችው። «መጀመሪያ ሰዎቹን ልያቸው።»

ቅር እያለው የቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ አስገባት። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፣ ደንበኛ የለም። መነጽሯን አድርጋ ማንበብ ጀመረች። የግሩፑ አለቃ ራዕይ የሚባል፣ ሁሉም «ኮች» የሚሉት ሰው ነው። ከሱ ሥር መዓት ሰው የትርፉን ፎቶ ለጥፏል። አረንጓዴ ቁጥር፣ ደግሞ አረንጓዴ ቁጥር፣ ጭብጨባ፣ ምስጋና። ኑሕም አለበት፤ «ዛሬም አልሐምዱሊላህ፣ ኮች እናመሰግናለን» ብሏል፣ ያውም የታክሲ በተቀበላት ጠዋት።

ዘይነባ ፈራች። ወደ ላይ ብትሄድ ወደ ታች ብትሄድ አንድም ሰው ገበያ ሞቷል አላለም። ይህን ያህል ነጋዴ ተሰብስቦ አንድ የሞተ ገበያ ከጠፋ፣ እነዚህ ሰዎች ወይ ነጋዴ አይደሉም ወይ ሬሳ ደብቀዋል።

በአንድ ጣቷ እየለቀመች «ኪሳራ የደረሰበት ሰው አለ?» ብላ ጻፈች። ጽሑፉ ታየና ጠፋ። ጣቴ ነው ብላ ደግማ ጻፈች። አሁንም ጠፋ።

«ኑሕ፣ ይሄ ነገር የጻፍኩትን ይበላል እንዴ?»

«ኪሳራ ብለሽ ነዋ!» አለ ሳያያት። «እዚያ ኪሳራ አይባልም። ቃሏን ካየ ማሽኑ ራሱ ያጠፋታል። ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ ብሎ ኮች ነው ያዘዘው።»

«ታዲያ የከሰረ ሰው ምን ይላል?»

ኑሕ የስልኩን መስታወት በእጅጌው መወልወል ጀመረ። ዘይነባ ይሄን ማሽን ያሠለጠነው ሰው ኮልፌ አላደገም ብላ አሰበችና እንዲህ ጻፈች፦ «የኔ ገበያ ሞቷል።»

አልጠፋም። ከዚያ የማታውቀው ሰው «የኔም ሞቷል» አለ። አንዷ ደግሞ «የኔማ ከሞተ ከረመ፣ ለባሌ አልነገርኩትም» አለች። ሌላው መጣ፣ ሌላውም። ኮች «ምንድን ነው ይሄ? ሥርዓት ይከበር!» ቢል የሰማው የለም። ሰዉ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ተራ በተራ ይገባል።

ዘይነባን መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት። ቀጥሎ ከሥር የምታውቀውን ስም አየች። ኑሕ፣ «የኔም ሞቷል» ይላል።

ቀና ብላ አየችው። እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ቦታ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል።

«የቤት መሥሪያውም?» አለችው ቀስ ብላ።

«የቤቱም፣ ዘይኔ። ያንቺን የፈለግኩት እሱን ላስመልስበት ነበር።»

ንዴቱም እንባውም አንድ ላይ መጣባት። ልትጮህበት አፏን ከፍታ ዓይኑን ስታይ አንጀቷ አልችል አለ። የዕቁቡን ብር የያዘውን ቦርሳ ብቻ ብብቷ ሥር አጠበቀችው። እሱ እንኳ ቁርጥ ነው፣ አይነካም።

ዝናቡ ሲያባራ አየለች ከደጃፍ ብቅ አለች።

«ዘይነባ፣ ገበያ እንዴት ነው?»

ኑሕ ደንግጦ ቀና አለ። ዘይነባ የለመደችው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ አልወጣ አላት። ዕድሜ ልኳን ስትቀልድበት የኖረችው ቃል እውነት ሆኖባታል።

«ደህና ነው» አለች ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «ዛሬም አልሐምዱሊላህ።»

አየለች አልሳቀችም። አንዴ ዘይነባን፣ አንዴ ኑሕን አየችና ጫማዋን ደጃፍ ላይ ጠርጋ ወደ ውስጥ ገባች።

«ማን ሞተ?» አለች።