የመጋዘኑ ወተት

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ሳለ ጎረቤቴ ትኩስ ወተት በብርጭቆ ይዛልኝ መጣች። ደግ ሴት ናት፣ ምን አጠፋች? ግን ያ ሽታ፣ ያ ከላይ የሰፈፈው ቆዳ ከንፈሬ አጠገብ ሲደርስ ፊቴን አዙሬ አፌን በእጄ ያዝኩ። "ምነው፣ አረገዝሽ እንዴ?" ብላ ሳቀች። በዚህ ዕድሜዬ! እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ስትወጣ ብርጭቆውን በሳህን ከድኜ ከቤት አወጣሁት። ሽታው ግን አብሮት አልወጣም።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ከሀቢቾ አካባቢ ከገጠር ወጥቼ ሆሳዕና አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ስንዴ እናበጥራለን፣ ባቄላ እንለቅማለን፣ ጆንያ እንሰፋለን፣ እንጠርጋለን። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ከሴቶቹ መካከል ስሟን መጻፍ የምትችል እኔ ብቻ ስለነበርኩ ግን ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር። ጓደኛዬ ከዶዮገና የመጣች ልጅ ነበረች። አንድ ክፍል ተከራይተን አንድ ፍራሽ ላይ እንተኛለን። እሷ ከምባትኛ፣ እኔ ሀዲይኛ፤ የምንግባባው በተሰባበረ አማርኛ ነው። ስንጣላ ሁለታችንም በየቋንቋችን ስለምንሳደብ አንዳችንም አንቀየምም ነበር።

የመጋዘኑን ጠዋት አሁንም አየዋለሁ። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ቀጭን ክር ሆኖ አቧራው ውስጥ ይቆማል። ስንዴው ደረቅ፣ ደስ የሚል ሽታ አለው። ከሥሩ ግን ሌላ ሽታ አለ፤ ነጭ ሽንኩርት ከበሰበሰ ዓሣ ጋር የተቀላቀለ የሚመስል። የነቀዝ መድኃኒት ነው። ኪኒን ነገር በጆንያዎቹ መካከል ያስቀምጡና በሸራ ሸፍነው፣ በሩን ዘግተው ለቀናት ይተዉታል። ሲከፈት ኪኒኑ አመድ የመሰለ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ያንን ጠርገን የምናወጣው እኛ ነን፣ በባዶ አፍና አፍንጫ። ራሳችንን ያመናል፣ ደረታችን ይጨነቃል፣ ያቅለሸልሸናል። ባለ መጋዘኑ ታዲያ መላ ነበረው፤ ወተት።

"ወተት ማርከሻ ነው፣ ልጆቼ። ጠጡ! መርዝ ሆዳችሁ ውስጥ አይቀመጥም" ይለን ነበር። ጠዋት ጠዋት ለያንዳንዳችን አንድ ኩባያ። ቤተ ክርስቲያን ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ የተከበረ ሰው ነው። ዛሬ ሳስበው ይቀፈኛል። ሳንባችን ሲቃጠል ሆዳችንን ያታልልልን ነበር። ያኔ ግን እንወደው ነበር። ወተት ለእኛ ምን እንደነበር እናንተ አታውቁም፤ ቤታችን ላም ቢኖር እንኳ ቅቤው ለገበያ ነው፣ ለሴት ልጅ ሙሉ ኩባያ የሚያቀርብላት የለም።

አንድ ቀን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት አሠልጣኝ መጣች። መነጽር አድርጋለች። ሥዕል ያለበት ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈች፣ እኛም ግቢው ውስጥ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ ያነሳችው ወተቱን ነበር።

"ይህ መድኃኒት በትንፋሽ ነው የሚገባው። ወተት ሳንባ ውስጥ አይደርስም። ወተት አያድናችሁም።"

ከሁላችን ትልቋ፣ እትዬ የምንላት ሴትዮ፣ "አንቺ ልጅ፣ አንቺ ጠጥተሽ አድገሽ ነው እኛን የምትከለክይን?" አለች። ሳቅ ሆነ። ባለ መጋዘኑ በሩን ተደግፎ፣ "እንግዲህ ባለሙያዋ አይጠቅምም ካለች ወተቱ ይቅር ወይ?" አለ።

"አይቀርም፣ ጋሼ!" ብዬ መጀመሪያ የጮህኩት እኔ ነኝ። አልበቃኝም። ብድግ ብዬ ጣቶቼን እንደ መነጽር ዓይኔ ላይ አድርጌ፣ አፌን አሞጥሙጬ፣ በእሷው ድምፅ "ወተት አያድናችሁም!" አልኩ። ሴቶቹ ሳቅ ገደላቸው። ጓደኛዬ ሳቋን ልትውጥ ብላ እንባዋ ወረደ።

አሠልጣኟ አላቋረጠችም። ፊቷ ቀልቶ አፏ ሲንቀሳቀስ፣ ጣቷ በቀይ የተሰረዘ የውሃ ጆግ ሥዕል ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። "ውሃ" ስትል ሰምቻለሁ። የቀረውን ሳቃችን ዋጠው። በመጨረሻ ፈረምን፤ መጻፍ የማይችሉት በጣት፣ እኔ በስሜ። አሳምሬ፣ ጭራ አበጅቼለት። ያ ፊርማ ተምሬያለሁ፣ አውቄያለሁ ማለት ነበር እኮ! ከገላዬ የምጠየፈው ነገር ቢኖር ይህንን እጄን ነው።

ልጄ አሁን እንጨት ሥራ ቤት ቀለም ቀቢ ሆና ተቀጥራለች። በቀደም፣ "እማ፣ ሥልጠና አለ ብለውናል። ፈርሜ እወጣለሁ፣ እዚያ ምን አለ?" ስትለኝ እጇን ያዝኳት። እስከ መጨረሻው ተቀምጠሽ ስሚ፣ ስትመለሺ ለእኔ ታስተምሪኛለሽ አልኳት። እየተነጫነጨች አስተማረችኝ፣ አንድም ሳልረሳ ያዝኩ። ግን አሁንም ስልኳን ሳታነሳ ከዘገየች እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

ከመጋዘኑ ሥልጠና በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ተዘግቶ የከረመው ክፍል ተከፈተ። እኔና ጓደኛዬ ልንጠርግ ገባን። ነፋስ ገለባውን ወደ መንገድ እንዳያወጣው ተብሎ በሩ ገርበብ ብሏል፤ አቧራው ያፍናል። ወዲያው እኔን ባዶ ጆንያ እንዳመጣ ወደ ግቢ ጠሩኝ። ስወጣ ጓደኛዬ ሻሿን እያጠበቀች፣ "አንቺዬ፣ ይሄን ደረቁን ከጠረግነው ሞተን ነው። ቆይ፣ ላርከፍክፈው" አለችኝ። ከጀሪካኑ ውሃ በእጇ እየዘገነች ወለሉ ላይ፣ በየማዕዘኑ የተከማቸው ዱቄት ላይ ትረጭ ጀመር። አገራችን ውስጥ ሳያርከፈክፍ ቤት የሚጠርግ ማን አለ?

"በደንብ አርጥቢው" አልኳት፣ እኔው ራሴ።

ያ ዱቄት መርዙ ገና አላለቀም ነበር። ውሃ ሲነካው ነው የሚነሳው። አሠልጣኟ ጣቷን ጆጉ ላይ አድርጋ ስትጮህ የነበረው ይህንኑ ነበር።

ጆንያ ተሸክሜ ስመለስ ሽታው ከበሩ መለሰኝ። ጓደኛዬ ተንበርክካ ታስላለች፣ መጥረጊያውን አለቀቀችም። ጎትተን አወጣናት። "መኪና! ሐኪም ቤት!" ስል ባለ መጋዘኑ፣ "መጀመሪያ ወተት! ወተት አምጡ!" ብሎ ጮኸ። እትዬ ጭንቅላቷን ደግፋ አፏን ከፈተች፣ እኔ አፈሰስኩ። አስታወከችው። ደግሜ አፈሰስኩ። ደግማ አስታወከችው። የረጋው ነጭ ነገር አንገቷ ላይ፣ ፀጉሯ ውስጥ፣ ከአመዱ ጋር ተለውሶ፣ እኔ "እንቺ፣ ጠጪ የኔ እህት" እላለሁ። ሰዓቱ በዚህ አለቀ።

ሐኪም ቤት ነርሷ "ምን ነክታ ነው?" ብላ ስትጠይቅ ባለ መጋዘኑ ቀድሞ፣ "የበላችው ምግብ ሳይሆን አይቀርም" አለ። ትፍ! ሲዋሽ እንኳ ድምፁ የጸሎት ድምፅ ነበር። እኔ የነቀዝ መድኃኒት ነው ብዬ ጮህኩ። ነርሷ እየሮጠች ሄደች፣ ሌሎችም መጡ፤ ግን ረፍዶ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ልብሷን በፌስታል ይዤ ዶዮገና ሄድኩ። ጉም ነበር፤ ከእንሰቱ ቅጠል ጠብ ጠብ ይላል። እናቷ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አማርኛ ብዙም አይችሉም፣ ቃል እየፈለጉ፣ "ልጄ ሥራ ላይ እንዴት ነበረች? ሰነፍ ናት ብለው ተቆጥተዋት ያውቃሉ?" አሉኝ።

"ኧረ በፍጹም፣ እማማ። ከሁላችንም ንጹሕ እሷ ነበረች።"

ከቀብሩ ጀምሮ እንደ ድንጋይ የነበረው ፊታቸው ፈታ አለ። እጄን ያዙኝ። "እኔ ነኝ ያስተማርኳት" አሉ። "መጥረጊያው ከቁመቷ ይበልጥ በነበረ ጊዜ። ሳታርከፈክፊ አትጥረጊ፣ አቧራ ደረት ይጎዳል እላት ነበር። አልረሳችም አይደል?"

"አልረሳችም፣ እማማ" አልኳቸው።