ደምሰው ነፍስ የዘራበት ግልገል

ባለፈው ክረምት ልጄ ዝናብ የደበደበውን የሱፍ ሹራቡን ከሰል ምድጃ አጠገብ አንጠልጥሎት ኖሮ፣ የእርጥብ ጠጉር ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ ደብረ ብርሃን ያለሁ መሆኔን ረሳሁትና ሐሳቤ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ወዳለው የድንጋይ ቤታችን ሄደ።

በዚያ ቤት አባቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ደምሰው፣ ትርንጎና እኔ እንኖር ነበር። ትርንጎ የእናቴ ጓደኛ ልጅ ነበረች፤ ወላጆቿ ሲሞቱባት፣ ገና የእቅፍ ልጅ ሳለች እናቴ አምጥታ ከእኛ እኩል አሳደገቻት፤ እንግዳ ሰው «ይቺስ የማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ «የኔ ናት፣ አምጬ ባልወልዳትም» ትል ነበር። ደምሰው ደግሞ ነገሩን ሁሉ ፈታትቶ ማየት የሚወድ ልጅ ነበር፤ በግ ታርዶ ሲበለት፣ እኛ ጉበት ስንጠብቅ፣ እሱ ሳንባውን ይወስድና በመቃ እየነፋ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ያይ ነበር። አባቴ «ይህ ልጅ ወይ ሐኪም ይሆናል፣ ወይ ያብዳል» እያሉ ይስቁ ነበር።

እናቴ የሞተችው ጭጋጉ ሳይገለጥ በሚሰነብትበት ክረምት ነው። ሳል ጀምሯት ነበር፤ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ ሆኖ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ አረፈች። እጇን ይዞ የነበረው ደምሰው፣ ትንፋሿ ሲቆም ፊቷ ላይ ጎንበስ ብሎ እንደገና እስኪመጣ ይጠብቅ ጀመር፤ አባቴ ትከሻውን ይዘው ባያነሱት ኖሮ ከዚያ የሚንቀሳቀስ አይመስልም ነበር። በለቅሶውም በተዝካሩም ዕንባ ከዓይኑ አልወጣም።

መስከረም ሲጠባ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ሞላሌ ከጓደኛው ከጌጡ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ሊወስድ ቤት ይመጣ ነበር። በመጣ ቁጥር በረዶ የገደለው ወፍ ወይም ብርድ ያደረቀው ጫጩት ካገኘ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ ደረቱን ሲያሽ ይውል ጀመር። ትርንጎ ምን እንደሚያደርግ ስትጠይቀው፣ «ትንፋሽ ስለቆመ ብቻ ሁሉ ነገር አያልቅም» አላት። «መሐል ላይ ትንሽ ጊዜ አለች። ያቺን ጊዜ የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ቢኖር እማዬ አትሞትም ነበር።»

ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ የገብሱን ቃርሚያ ነጭ በሚያደርግበት ሰሞን፣ ደምሰው ቤት በነበረበት ቅዳሜ፣ አንዲት በግ ከሰዓት በኋላ ወለደች። አባቴ ግልገሉን አገላብጠው አዩና «አልቋል፤ ወዲያ ጣሉት» አሉ። ደምሰው ከእጃቸው ነጥቆ ወደ ቤት ገባ። አፍንጫውን የደፈነውን ልጋግ በአፉ መጥጦ ተፋ፣ የኋላ እግሮቹን ይዞ አወዛወዘው፣ ጎኑን በገለባ ፈተገው፣ ደግሞም በመቃ ይነፋበት ጀመር። እኛ ተስፋ ቆርጠን ወጥተን ገብተን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግልገሉ አንዴ ሳለ። «መጣ! መጣ!» ብሎ ደምሰው ሲጮህ አባቴ አማተቡ።

ጠጉሩ እየደረቀ ሲመጣ ግን መልኩ ታየ። ፊቱ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ፣ አንድ ዓይኑ የተደፈነ፣ መንጋጋው የማይገጥም ነበር፤ ሲጮህም ድምፁ የጨቅላ ሕፃን እንጂ የበግ አይመስልም። ያችን ደህናዋን ዓይኑን ገልጦ ደምሰውን ትኩር ብሎ አየው። ደምሰው ከጉልበቱ ላይ አውርዶት ቆመ፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። በማግስቱ ቅዳሴ ሳይወጣ ወደ ሞላሌ ሄደ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፣ ከዚያም ወዲያ አልመጣም።

እናቲቱ በግ አላስጠጋ ስላለችው ትርንጎ ጨርቅ በላም ወተት እየነከረች ታጠባው ነበር። ሌሎቹ ግልገሎች ሲዘሉ፣ እሱ ከበረቱ ካብ ውጭ ቆሞ በድንጋዮቹ ቀዳዳ ያያቸውና፣ ብቻውን እንደነሱ ሊዘል ሲሞክር ይወድቅ ነበር። መጀመሪያ እስቅበት ነበር፤ በኋላ ግን ፊቴን አዞር ጀመር።

ጥር ላይ የመንደሩ በጎች ሳል ያዛቸው። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ መጥተው «የሞተን መልሶ ማምጣት ደግ አይደለም፤ ይህን ጉድ ገደል ስደዱት» አሏቸው አባቴን። ሌሎችም ተከተሉ። አባቴ ሰው ማስቀየም የማይወዱ ሰው ስለነበሩ ተጨነቁ፤ በመጨረሻ «ነፍስ የዘራበት ደምሰው ነው፣ ፍርዱንም እሱ ይስጥ። እስከ ቅዳሜ ካልመጣ እኔው አስወግደዋለሁ» አሉ።

ትርንጎ ቅዳሜን አልጠበቀችም። ግልገሉን በእናቴ ነጠላ አዝላ፣ እኔን አስከትላ ወደ ሞላሌ ወረደች። ገበያተኛው «ልጅሽ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅና፣ ያ ፊት ከነጠላው ብቅ ሲል እያማተበ ይሸሽ ነበር። እሷ ቀና ብላ ትሄድ ነበር።

በሩን የከፈተልን ጌጡ ነው። «ንዳድ ይዞት ሰንብቷል፤ አጥሚት እንኳ በግድ ነው የምግተው» አለን። ደምሰው ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል። የግልገሉን ጩኸት ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አውጪው» አለ።

«አላወጣውም» አለች ትርንጎ።

«አትፈሪውም?»

«መጀመሪያ ቀን ፈርቼው ነበር። ሲርበው ግን እንደ ማንኛውም ግልገል ነው።»

«ያን ቀን ሲስል እማዬ የመጣች መሰለኝ» አለ ደምሰው። «ዓይኑን ሲገልጥ እሷ አይደለችም።»

«እሷማ አትመጣም፣ ደምሰው። ይሄ ግን መጥቷል።»

ከነጠላው ፈትታ አልጋው ጠርዝ ላይ አኖረችው። ደምሰው ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ግልገሉ ፈልጎ ፈልጎ ጣቱን አገኘና ይጠባ ጀመር።

ንዳዱ ሲለቀው ቤት መጥቶ አባቴ ፊት ቆመ። «አባዬ፣ ይኑርልኝ። ከበጎቹ ለይቼ እኔ እይዘዋለሁ» አላቸው። ከጓዳው ጀርባ ትንሽ ካብ ካበለት። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ በጎቹን በመርፌ ሲወጋ ሳሉ ጠፋ፤ እትዬ ብርቄም ስለ ግልገሉ መናገር ተዉ። በልግ ሲዘንብ ሣር ነጨ፤ ደምሰው ሞላሌ ሲሰነብት ትርንጎ ትጠብቀው፣ ቅዳሜ ሲመጣም ግልገሉ በዳናው ለይቶት እያነከሰ ሊቀበለው ይወጣ ነበር። ክረምቱን ግን አልቻለውም። ሲሞት ደምሰው ደረቱ ላይ እጁን አኑሮ ቆየ፣ ሊያስነሳው ግን አልሞከረም፤ በእናታችን ለቅሶ ያላለቀሰው ልጅ ያን ቀን ዕንባው መቆሚያ አጣ።

አሁን ደምሰው ራቤል ከተማ ያስተምራል፤ ትርንጎ ሞላሌ ሱቅ አላት። እንግዳ ሲመጣ አባቴ ዛሬም «ደምሰው የሞተ ግልገል ያስነሳ ጊዜ» ብለው ይጀምራሉ፣ ግልገሉ በሳለበት ጊዜ ላይም ጨዋታቸው ያበቃል። እኔም በልጅነቴ ከሁሉ የሚደንቀኝ ያ ከሰዓት ነበር። ልጆች ካሳደግኩ ወዲህ ግን የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ ትርንጎ ግልገሉን ያጠባችበት እያንዳንዱ ጠዋት ሆኗል። ዘንድሮ ለፋሲካ ደምሰው የመጀመሪያ ልጁን ይዞ ሲመጣ፣ አባቴ እጃቸውን ዘርግተው እየጠበቁ ሳለ፣ ይቅርታ ጠይቋቸው አለፈና ሕፃኗን መጀመሪያ ትርንጎን አሳቀፋት።