ቀጠሮ የበዛበት የባቡር ሌባ

ባቡር የሚባለውን ነገር እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁም። እንዲያም ሆኖ በደርግ ጊዜ፣ ጂንካ ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ባቡር ምን እንደሆነ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ድፍረት ይሉሻል ይሄ ነው።

የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ ከሰሜን መጥተው ጂንካ የከተሙ ናቸው፤ እኔ እዚያው ተወልጄ፣ የአገሬውን ቋንቋ አሪኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ለምጄ አደግኩ። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ትልልቅ ሰዎችን ፊደል አስቆጥር ጀመር። ቱግ ማለት አመሌ ነው። እናቴ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ስትለኝ ነው ያረጀችው።

ያን ዓመት ተማሪዎቼ ተመናምነው አሥራ አንድ ቀሩ። እርሻ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ምክንያት መቼ ይጠፋል! አንድ ሐሙስ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠሩኝና «ሰኞ ከአውራጃ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ከሠላሳ ሰው በታች ካገኘ ክፍሉ ይዘጋል» አሉኝ። ደሜ ፈላ። አሥራ አንዱ እኮ ስማቸውን ለመጻፍ ትንሽ ነው የቀራቸው! አንዷ ሸክላ ሠሪ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ነበር የምትመጣው። ይሄ ክፍል ከተዘጋ ሌላ የሚማሩበት ቦታ አልነበራቸውም።

በዚያው ሰሞን አንድ ፊልም አሳይ በጭነት መኪና፣ ከነጄኔሬተሩ፣ ጂንካ ገብቶ ነበር። ሄጄ ለመንኩት። ሰው በፊልሙ ከተሰበሰበልኝ «ሰኞም ኑ» እላለሁ ብዬ ነው። ሰዓት እላፊ ስለነበር ቅዳሜ ከሰዓት እንዲያሳይ ተስማማን። የአዳራሹን መስኮቶች በቡሉኮና በጆንያ ጋርደን አጨለምናቸው። የገበያ ቀን ስለሆነ ሰዉ ጎረፈ።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ አስተርጓሚዋ እኔ፣ በአማርኛም በአሪኛም። ነገሩ ሁሉ የሚሆነው ባቡር ውስጥ ነው። ወርቅ የያዘ ቀይ ሻንጣ ይጠፋል። መነኩሴ መስለው የተሳፈሩ ሁለት ፖሊሶች ሌባ ያዝን ብለው እርስ በርስ በካቴና ይተሳሰራሉ። ቲኬት ቆራጩ በመሀል ይመላለሳል። አንድ ወፍራም ሰውዬ በውስጥ ሱሪው መስኮት ላይ ይንጠለጠላል።

«ባቡር ማለት ብዙ አውቶቡስ ተቀጣጥሎ በብረት ላይ ሲሄድ ነው» አልኩ።

«ከፊት ሌላ ቢመጣበትስ በየት ያልፋል?» አለ አንድ ሹፌር።

«አይመጣበትም!» ብዬ ጮህኩበት። የት አውቄ! ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ወዲያው ደግሞ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ትንፋሹን ዋጠ።

ሌባው ሊያዝ ሲል የባቡሩ መብራት ጠፋ፣ አንዲት ሴት ጮኸች፣ ሸራው ነጭ ሆነ። ፊልም አሳዩ ወደ መኪናው ሮጦ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። የመጨረሻው የፊልም ጥቅል የለም። በመንገዱ ቀይ አፈር ከተማ ላይ የመንገደኛ ጨው ሲያራግፍ ጥቅሉ ያለበት ቆርቆሮ አብሮ ወርዷል።

«ወይ ጉድ! ሌባውን ሳንይዝ ልንበተን ነው?» አዳራሹ ተናወጠ። እኔማ ማልቀስ ነበር የቀረኝ። በዚህ ብስጭታቸው ሰኞ ማን ይመጣልኛል?

በዚህ መሀል በሽምግልና የታወቁ አንድ የአሪ አዛውንት ተነሡ። ገበሬ ናቸው፤ «ፊደል ለልጅ ነው» እያሉ ክፍሌን አንድ ቀን ረግጠው አያውቁም። «ዕቃ ጠፍቷል፤ ያየ ሰው ሞልቷል። ተቀምጠን እንየውና እንፍረድ» አሉ በአሪኛ። እኛ አገር ነገር ሲበላሽ የሚታየው እንደዚያ ነው፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ምስክር አንድ በአንድ ይሰማል።

«እንግዲያው ሰኞ ከሰዓት፣ እዚሁ!» አልኩ አፋቸው ሳይዘጋ። «ግን መጀመሪያ ፊደል፣ ከዚያ ሌባ!»

ሰኞ ከአርባ በላይ ሰው መጣ። እሰይ! ተቆጣጣሪው ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፤ ከዚያ ይሄዳል ስንል ችሎቱን ሊሰማ ቁጭ አለ። «ሴትዮዋስ ያን ጊዜ የት ነበረች?» ብሎ ጠየቀ እንጂ! ሲወጣ «በየወሩ እመጣለሁ፤ አንድ ቀን ከሠላሳ ከጎደለ ያበቃል» አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ሰኞና ረቡዕ ፊደል ይቆጠራል፣ ከዚያ ይመሰከራል። አዛውንቱ የዳኛ ቦታ ፊት ነው ብለው ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ይቀመጣሉ። ሸክላ ሠሪዋ ወፍራሙን ከሰሰች፤ ሹፌሩ ለወፍራሙ ተሟገተ። መጨረሻ ላይ አዛውንቱ ይነሡና «ያልተሰማ ምስክር አለ፤ ቀጠሮ» ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ «ዝናብ ነው፤ ሰው አልተሟላም፤ ቀጠሮ»።

በሦስተኛው ወር ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ሰኞ ሰዉ ሲበተን በር ላይ ያዝኳቸው። «አባባ፣ ኧረ በሕግ! አንድ ሌባ ስንት ወር ይፈጃል? ይፍረዱና ይገላግሉን!»

ግራ ቀኙን አዩ። «ቲኬት ቆራጩ ነው» አሉ በቀስታ። «ሻንጣው ጠፋ ሲባል ሁሉም ወንበር ሥር ነበር የፈለገው። እሱ ብቻ የሰው ፊት ፊት ያይ ነበር። ያን ዕለት ቅዳሜ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ከፈረድኩ ሰዉ ቤቱ ይቀራል። ሰዉ ከቀረ ያ ተቆጣጣሪ ክፍሉን ይዘጋዋል።» መሬት መሬት አዩ። «እኔ ደግሞ ልጄ፣ ገና ‹ተ› ላይ ነኝ።»

ሦስት ወር ሙሉ ከፊቴ ተቀምጠው ፊደሉን ሲከታተሉ ዳኛ እንጂ ተማሪ አልመሰሉኝም ነበር። አፈርኩ፤ ደስ ብሎኝም እንባዬ መጣ።

ረቡዕ ዕለት ሰዉ ሁሉ ተባብሮ «ዛሬ ይፈረድ!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ ጠረጴዛ ደበደበ። ምስክር አልቋል፣ ዝናብ የለም፣ ሰዉ ሞልቷል። አዛውንቱ ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

እጄን አወጣሁ። «እኔ አልተሰማሁም» አልኩ። «ሲታይ ቆሜ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ከሁላችሁም ይበልጥ ያየሁ እኔ ነኝ። ምስክርነቴ ደግሞ ረጅም ነው፤ ቀጠሮ ይሰጠኝ።»

ምን እንደምመሰክር አላውቅም ነበር። ብቻ ከ‹ተ› እስከ ‹ፐ› ድረስ ገና ብዙ ረቡዕ ይቀር ነበር።