የሚተኛው ሻይ

ባለፈው ሳምንት ከላምበረት ወደ ሃያ ሁለት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እግሯ ሥር ትንሽ ማዳበሪያ አስቀምጣ ነበር። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ከማዳበሪያው የደረቀ ጦስኝ ሽታ ብን ይላል። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቀኝ አልሰማሁትም። መውረጃዬንም አለፍኩት።

ሽታው የእህቴ የሰዓዳ ነበር። እንዴት ልበል፣ የእሷ ልብስ፣ የእሷ ጠዋት ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ የምንኖረው ሃያ ሁለት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አባታችን ከወሎ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ቤቱ የእናቴ፣ የሰዓዳና የኔ ነበር። ሰዓዳ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። አትላስ አካባቢ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ነበር። አጥሩ ሥር በደረደረቻቸው የዘይት ቆርቆሮዎች ውስጥ ናናና ጠጅ ሳር ተክላ፣ ናናው ላይ ጋደም ማለት ከለመደች የጎረቤት ድመት ጋር ዓመቱን ሙሉ ስትጣላ ትኖራለች። ጦስኙን ግን ከደብረ ብርሃን በኩል ይዘው ከሚመጡ ሴቶች ላምበረት ሄዳ ትገዛለች፤ ከመግዛቷ በፊት እያንዳንዱን እስር አሽትታ፣ ሴቶቹን አሰልችታ፣ ተሰድባ ነው የምትመለሰው።

ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ብራዱ በአሮጌ የሱፍ ሻርፕ ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ልቀዳ እጄን ስዘረጋ ሰዓዳ እጄን መታ ታደርግና፣ «ዝም በል፣ ተኝቷል» ትለኛለች። ቀልዷ ይመስለኝ ነበር። አርፍጄ የምነሳ ሰው ስለሆንኩ፣ ሻዩ እንዳይበርድብኝ የጠቀለለችልኝ ይመስለኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ እንደዚያ አስብ ነበር፤ ሲፈላ ግን አንድም ቀን ነቅቼ አላየሁም።

ጎረቤቶች ይሄ ነገር ለምን ለምን ይጠቅማል ብለው ሲጠይቋት፣ ሰው ጤነኛ ሆኖ የሚጠጣው ነው ትላቸዋለች። ጉሮሮ ያሞቃል፣ ሆድ ቀለል ያደርጋል፣ ከሁሉም በላይ ይጣፍጣል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አልገባም ትላለች። ራሷ በመጋቢት ስትታመም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቅጠል ይዞ መጣ። ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ እኔን ግን ሐኪም ቤት አድርሰኝ አለችኝ። አደረስኳት። የደም በሽታ ነው አሉን። ማትሪክ የተፈተንኩት እሷ ተኝታ እያለች ነው። በሐምሌ ሞተች።

ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ እናቴ ጠዋት ጠዋት አፏ ላይ ምንም ማድረግ ተወች። ቁርስ ስንላት እሺ ትላለች፣ አትቀምስም። ቀሚሷ ሰፋባት። አባቴ ከጉዞ ሲመለስ አያትና እኔን ውጭ ጠርቶ፣ ይቺ ሴትዮ እንዲህ ከቀጠለች እሷንም እንቀብራለን አለኝ። ዘመኗን ሙሉ ቀኗን የምትጀምረው በሰዓዳ ሻይ ነበር። እኔ አፈላዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። የማደርገው ሌላ ነገር አልነበረኝም።

የመጀመሪያውን ቀን ጦስኙን፣ ዝንጅብሉንና ቀረፋውን ከውሃው ጋር ጥጄ በደንብ አፈላሁት። እናቴ አንዴ ቀምሳ ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ሬት ነበር። በማግስቱ ዝንጅብል ቀነስኩ። ከዚያ ስኳር ጨመርኩ፣ ቀረፋ አወጣሁ፣ ጠጅ ሳር አስገባሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ተነሳሁ። የምፈትነው በጎረቤታችን በእትዬ ወርቅነሽ ነበር። እትዬ ወርቅነሽ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናቸው፤ የሰው ብርጭቆ አጋምሶ መመለስ ነውር ስለሚመስላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይጨርሱና፣ ጥሩ ነው የኔ ልጅ፣ ትንሽ ጠንከር ብሏል እንጂ ይሉኛል።

አንድ ጠዋት በር ላይ ቆመው ሳፈላ አዩኝ።

«ከማል፣ ጦስኙ ገብቶ ቡታጋዙ ገና ይነዳል እንዴ?»

«ይፈላል እንጂ፣ እትዬ።»

«ሰዓዳ እኮ ሻዩ ሲተኛ ቡታጋዙን ለኔ ነበር የምትሰጠኝ። ምሳዬን ሠርቼ እስክመልስላት ነው የሚተኛው።»

እጄ ላይ ማንኪያ እንደያዝኩ ቆምኩ። የእሳቸው ቡታጋዝ ከተበላሸ ዓመት አልፎት ነበር፤ ሰዓዳ እስክትታመም ድረስ ለቢሮ ምሳቸውን የሚያበስሉት በእኛው ነበር። በሌላው ቀን እንቁላል ይጠብሳሉ፣ ቶሎ ይደርሳል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ሽሮ ነው፣ ይቆያል። በእኛ በሙስሊሞቹ ቤት ረቡዕና ዓርብ ሻዩ ጠንከር የሚለው ለምን እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። ለካ አይፈላም። ውሃው ይፈላል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ጦስኙ ይገባል፣ ብራዱ ይጠቀለላል፣ ይተኛል። እህቴ ሥራውን በስሙ ስትነግረኝ ኖራለች። እኔ ስስቅ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ወርቅነሽን ምሳዎትን እኛ ቤት ይሥሩ አልኳቸው። እንቁላላቸው እስኪደርስ ጠበቅኩ። ሻርፑን ፈትቼ ቀዳሁ። እናቴ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ነበር። ብርጭቆውን ተቀበለችኝ፣ ፉት አለች፣ ደግማ ፉት አለች። ዓይኗ ወደ አጥሩ ነበር።

«የሷ አይደለም» አለች።

ብራዱን መልሼ ጠቀለልኩት። እሷ ግን ጠጣች፤ ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ጨምርልኝ።»

ይሄ ከሆነ አራት ዓመት አልፏል። የሰዓዳን ጣዕም እስከ ዛሬ አላገኘሁትም፤ አሁን እንደማላገኘውም አውቃለሁ። ጦስኙን በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ነበር የምትለካው። የኔ ጣት ወፍራም ነው፣ አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ስፈራ ያንሳል። የጣቶቿን ልክ የሚነግረኝ ሰው የለም፤ እትዬ ወርቅነሽም ያን አላዩም። ስንት ጠዋት ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ስትቆነጥር ተኝቼ አሳለፍኩ። አሁን ግን በአሥራ ሁለት ሰዓት እነሳለሁ። አንድም ቀን አላስታጎልኩም፣ አላስታጉልምም። እናቴ የምትጠጣው የኔን ነው።