ቀያሽ የሄደችበት መስመር

አባቴን የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሽ ጠመዝማዛ» ይሉት ነበር። ሥራው ለተራራ ብስክሌተኞች መንገድ መሥራት ነው፤ ከኮረብታ አናት ተነስቶ በዛፎች መሃል እየተጠማዘዘ የሚወርድ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬድ ቀጭን የአፈር መንገድ። ወሬውም እንደ መንገዱ ነበር። ቁርስ በልተሃል ወይ ብለው ሲጠይቁት ከካቻምናው ዝናብ ይነሳል። ቀጥ ያለ መንገድን ውሃ ይበላዋል፣ ቀጥ ያለ ንግግር ደግሞ ሰው ያስቀይማል ባይ ነው።

እኔ በእናቴ ወጥቼ ነው መሰለኝ ነገር ማዞር አልችልበትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገረው፤ አባቴ ከእኔ ይልቅ ውሻችንን ይወድ ነበር፣ እኔም ለዓመታት በአንዲት ውሻ ስቀና ኖሬአለሁ።

እናቴ ስትሞት ቤቱን ዘጋና ቁልፉን ለአክስቴ ሰጠ። ብቻውን አገር ለአገር ሲዞር በሐዘን ይሞትብኛል ብዬ የቢሮ ሥራዬን ትቼ ሾፌሩ ሆንኩ። በዓመቱ አንድ ነዳጅ ማደያ ቆመን ሳለ፣ ከፒካፑ የፊት ጎማ ሥር አንዲት ቡችላ ገብታ ተኝታ አገኛት። ውጪ ቢላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ጎትቶ ቢያወጣት ተመልሳ ገባች። በሦስተኛው በሩን ከፈተላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመስኮቱ ወንበር የእሷ ሆነ፤ አባቴ መሃል ላይ ተጣብቦ ይቀመጣል፣ ለእኔ የሚደርሰኝ ልብሴ ላይ የሚቀረው ፀጉሯ ነው።

በየሄድንበት ሁለት ሦስት ወር እንቆያለን። የምንከራየው ክፍል ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሲጢጥ የሚል የብረት አልጋ፣ በር ላይ ጭቃ የደረቀበት ቦት ጫማ፣ መስኮት ላይ የተሰጣ ካልሲ። በሩ ላይ «ውሻ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ካለ አባቴ ጎንበስ ብሎ ያነብላትና «አይዞሽ፣ አንቺን አይደለም» ይላታል። ወሩ ሳያልቅ አከራዮቹ የእሷን ስም ያውቃሉ፤ የእኔን ግን አያውቁም።

ስሟ ቀያሽ ነው። ያወጣላት ባለመጋዙ ነው፣ ከእኛ ጋር እየዞረ የወደቀ ግንድ የሚቆርጠው ሰው። ምክንያትም ነበረው። የብስክሌት መንገድ በየመቶ ሜትሩ ሰባት ስምንት ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ከዚያ ከበለጠ ጎርፍ ይጠርገዋል፤ በጣም ካነሰ ውሃ ይተኛበታል። ሌላው ሰው ይህን ዓይን ላይ በሚደረግ የቁልቁለት መለኪያ ይፈልገዋል። አባቴ ግን አንድ ቀን ታች ቆሞ ሲያፏጭላት፣ ቀያሽ ከላይ በቀጥታ ሳይሆን በአግድም፣ ቁልቁለቱ ሲበረታባት እየታጠፈች ስትወርድ አየ። መለኪያውን አውጥቶ ዱካዋን ለካው። ሰባት። ሌላ ቦታ ለካ። ስምንት። ከዚያ በኋላ ሥራችን እንዲህ ሆነ፦ እኔ አናቱ ላይ እይዛታለሁ፣ አባቴ ታች ሆኖ ያፏጫል፣ እለቃታለሁ፣ ባለመጋዙ በሄደችበት ሁሉ ትንንሽ ቀይ ባንዲራ እየተከለ ይከተላታል። እኛም ባንዲራውን ይዘን እንቆፍራለን። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አባቴ ከኋላዋ እየለካ ያረጋግጥ ነበር። ስህተት ሲያጣባት መለኪያው ወንበር ሥር ገባ፤ እዚያው ቀረ።

እንዲህ እያልን አስራ አንድ ዓመት ሞላን። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ስሞታ ይመጣ ጀመር። መንገዶቻችሁ ለስላሳ ሆኑ አሉን፤ ለጀማሪ ጥሩ ነው ብለን ተጽናናን። ቀጥሎ ውሃ ይቋጥራሉ አሉን። አባቴ አፈሩን ወቀሰ፣ ባለመጋዙ ዝናቡን ወቀሰ፣ እኔ የምወቅሰው ሳጣ ሁለቱን ወቀስኩ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባል የለ፣ የወሰደንም እንደዚያ ነው።

በመጨረሻ አንዲት የደን አስተዳዳሪ አዲስ ወደሠራነው መንገድ ወስዳ ኩሬውን አሳየችን። ዝናቡ ሳይገባ ካላስተካከልነው ሥራውን ለሌላ ቡድን እንደምትሰጥ በትህትና ነግራን ሄደች። አባቴ አካፋውን ይዞ ኩሬውን ማፍሰስ ጀመረ። እኔ ግን ንድድ ብሎኝ መለኪያውን ከወንበር ሥር አወጣሁና መንገዱን ከላይ እስከ ታች ለካሁት። ሦስት። ሁለት። ሁለት። አንዱ ጋ ጭራሽ ጠረጴዛ ሆኗል።

ስወርድ ቀያሽ ከበታቼ ተኝታ ነበር። ጠራኋት። ተነሳች፣ የኋላ ቀኝ እግሯን አንጠልጥላ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ዳገቱን እየሸሸች፣ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደች መጣች። እኔን አጅባ ስትወርድም እንደዚያው ናት፤ አንድ እርምጃ እንኳ ቁልቁል አትወርድም። ያን ጊዜ ገባኝ። ዳሌዋን ያማታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሕመሟ ላይ ባንዲራ እየተከልን፣ ሕመሟን ስንቆፍር ኖረናል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እዚያው መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለአባቴ ስነግረው የአካፋውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ ነበር። ቀና ሳይል «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«እግሯን። ካቻምና ነው ያወቅኩት። መለኪያውን ካወጣሁ እሷን ቤት መተው ሊመጣ ነው። ቤት ደግሞ እናትሽ ከሞተች ወዲህ የለኝም።»

ሳይጠማዘዝ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር። የሰው ሥራ አበላሽቷል፣ እውነት ነው። ግን እንጨቱን ከእጁ ተቀብዬ የቀረውን ጭቃ እኔ ፋቅኩለት።

የእንስሳት ሐኪሙ ክኒን ሰጥቶ ተራራ ይቅርባት አለ። አባቴም እሺ አለ፤ መንገዱን በመለኪያ እናስተካክላለን፣ ከዚያ ሥራውን ለእኔ ትቶ አክስቴ ካለችበት ከተማ አንድ ደረጃ የሌለው ክፍል ተከራይቶ ከቀያሽ ጋር ይቀመጣል። እንደገባኝ ደረጃ የሌለው ያለው ለእሷ ዳሌ ብሎ ነው።

መለካት በጀመርንበት ቀን ፒካፑን አናቱ ላይ አቁሜ ቀያሽን ገቢናው ውስጥ ዘጋሁባት። ቀኑ ሞቃት ስለነበር መስኮቱን ግማሽ ድረስ ከፈትኩላት፤ በዚያ እግሯ መዝለል ትችላለች ብዬ አላሰብኩም። አባቴ ታች ወርዶ ሲዘጋጅ እጁን ሊያነሳልኝ ተነጋግረናል። እኔ መለኪያዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ የእጁን መነሳት ስጠብቅ አፏጨ።

አስራ አንድ ዓመት የለመደ ከንፈር ነው። ማፏጨቱን ራሱም ያወቀው ካፏጨ በኋላ ነው፤ እጁን አፉ ላይ ሲጭን አየሁት። ወዲያው የሆነ ነገር በአጠገቤ አለፈ። አግድም አልሄደችም። አልታጠፈችም። በዕድሜዋ ሙሉ ያልሄደችበትን፣ ድንጋይ ብቻ የሆነውን ቁልቁለት ቀጥ ብላ ወረደችው፤ ወደቀች፣ ተነሳች፣ እንደገና ወድቃ ተንከባለለች። ግን ደረሰች። እኔ ስደርስ ሁለት የፊት እግሮቿ የአባቴ ጫማ ላይ ነበሩ፤ የኋለኞቹ አይንቀሳቀሱም።

ወደ ሐኪሙ ስነዳ አባቴ ታቅፏት በእሷ ወንበር፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። አስፋልቱ ላይ ሳንደርስ ሞተች። ፒካፑን ዳር አስይዤ አቆምኩ።

«እኔ ነኝ ያፏጨሁት» አለ።

«መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ጥፋቱን ተሻማን፤ እስከ ዛሬም አልተካፈልነውም። መልሰን ወስደን ከመንገዱ አጋማሽ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቀበርናት። ከዚያ የቀረውን መንገድ በመለኪያ አስተካከልነው፤ ዛፉ ሥር ያለችው አርባ ሜትር ስትቀር። ቀያሽ የሄደችባት ናት ብሎ እሷን አባቴ አላስነካ አለ። አስተዳዳሪዋ መጥታ አየች፣ የአፈሩን ጉብታ አየች፣ የርክክቡን ወረቀት ፈረመች።

አሁን ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ። አባቴ ደረጃ የሌለው ክፍሉ ውስጥ ነው፤ የእሱም ጉልበት ቁልቁለት እምቢ ብሎታል። ዝናብ ሲገባ ግን እወስደዋለሁ፤ ክንዴን ይዞ ቀስ እያለ ይወርድና እኔ አርባው ሜትር ላይ የተኛውን ውሃ በአካፋ ሳፈስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ዘንድሮ አንድ ብስክሌተኛ ጭቃው ላይ ተያዘብን። ጎማውን እየጎተተ፣ መንገዱ ሁሉ አሪፍ ሆኖ እዚህ ጋ ለምን ሜዳ ሆነ፣ የቀየሰችው ሰው—አካፋዬን አይቶ መሆን አለበት—ቁልቁለት አታውቅም እንዴ ብሎ ጠየቀ። አባቴ ከካቻምናው ዝናብ ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ።

«ታውቃለች» አለ። «አሟት ነው።»

ብስክሌተኛው ወደ እኔ ዞሮ ደነገጠ፤ ይቅርታ እህቴ፣ አላወቅኩም አለኝ። ምንም አይደለም፣ አሁን አያመኝም አልኩት። አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔም ውሃውን ማፍሰሴን ቀጠልኩ።