ቀርከሃውና ሽቦው

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የሸዋ ሮቢት ወጌሻ ነበሩ። የተሰበረ እጅ አስረው ሲጨርሱ ሁልጊዜ፣ «እስቲ ጣትህን አንቀሳቅስልኝ» ይሉ ነበር።

ባሌ፣ ጣሊያን በሚያሠራው የጣርማ በር መንገድ ላይ ሲሠራ ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰበረ። አጎቴ በቀርከሃ አሰሩለት። በማግስቱ ግን ጣቶቹ ጠቆሩ፤ ማንቀሳቀስም አቃተው። ማሰሪያውን ፈትተው ለረጅም ጊዜ ዳበሱት።

«አጥንቱ ደቋል፤ በቀርከሃ አይቆምም። የጣሊያኖቹ ካምፕ ሐኪም ቀዶ በሽቦ ያያይዘው» አሉኝ።

አጎቴ አርበኞችን ያክማሉ የሚል ወሬ ካምፑ ድረስ ገብቷል ይባል ነበር።

«ጋሼ፣ አንቱ ይቅሩ፤ እኔ እወስደዋለሁ።»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ቢጠይቅ ማን ያስረዳዋል?» አሉና ባሌን ደግፈው ወጡ።

ካምፑ በር ላይ ጠባቂዎቹ ባሌን አስገቡት። አስተርጓሚው የአጎቴን ስም ጠየቀ፤ ሲነግሩት ቀና ብሎ አያቸውና ወታደሮቹን ጠራ።

«አንቺ እሱን ጠብቂ» አሉኝ አጎቴ፣ ወታደሮቹ ሲወስዷቸው። አስከሬናቸውን እንኳ አልሰጡንም።

ባሌ እጁ ድኖ ያርሳል። ሞታቸውን ያልሰሙ ሰዎች ግን የተሰበረ እጃቸውን ታቅፈው ዛሬም ከማጀቴ ከተማ ድረስ ይመጣሉ። «የሉም» እላቸዋለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ወጌሻ ፈልጎ የመጣው የትኛው እንደሆነ፣ ለጣሊያን ሊሰልል የመጣውም የትኛው እንደሆነ አላውቅም።