በዘጠና አምስት ላይ የሚንቀጠቀጠው መሪ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ገና አልደፈንኩም። ቤቴ ከተማው ምሥራቅ ዳንፎርዝ፣ ሥራዬ ደግሞ በምዕራብ ጫፉ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማሸግ ነው። በባቡርና በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን መንገድ በመኪና አርባ ደቂቃ ስለማደርሰው፣ ያቺን አሮጌ፣ ትንሽ የጃፓን መኪናዬን እንደ ሰው ነበር የምወዳት።

ችግሯ ቸርኬዎቿ፣ ጎማው የሚለብሳቸው ብረቶች፣ ነበሩ። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ጠርዛቸውን በልቶት ጎማዎቹ አየር ያፈስሳሉ። በየሁለት ቀኑ ነዳጅ ማደያ ቆሜ አየር ስሞላ ያየኝ ወንድሜ፣ «ይሄን ነገር ለእኔ ተይው» አለኝ።

ወንድሜ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነው የምለው። ከናይሮቢ ከመጣ አራት ወሩ ነበር። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ጋራዥ የሠራ ሰው፣ እዚህ ብሉር ጎዳና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ሰሃን ያጥባል። የዚህ አገር መንጃ ፈቃድ ገና ስላላወጣ መንዳት አይችልም። መኪና ሲያይ ግን ዓይኑ ይበራል፤ የቆመ መኪና ሥር ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሌባ መስሎ ስንት ጊዜ አሳፍሮኛል።

አንድ ቅዳሜ አሮጌ መኪና የሚበታተንበት ግቢ ወሰድኩት። ግማሽ ቀን ዞሮ ዞሮ፣ ከሌላ ዓይነት መኪና ላይ የወረዱ አራት የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች ከነጎማቸው መረጠ። የቡሎኖቹን ቀዳዳ ቆጠረ፤ አራት። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በክር ለካ፤ ልክ ነው። ቤት ደርሰን ከሕንፃው ጀርባ ፓርኪንጉ ላይ በክሪክ አንስቶ ገጠመልኝ። አሮጌዎቹን ቤዝመንት አስገባቸው። መኪናዬ ሙሽራ መሰለች።

ሰኞ ሥራ ስሄድ ነው የጀመረው። ፎር ኦ ዋን የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ወጥቼ በሰዓት ዘጠና አምስት ኪሎ ሜትር ስገባ መሪው እጄ ላይ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ ሰማንያ አምስት ስወርድ ጭጭ ይላል። ፍጥነት ስጨምር መልሶ ይመጣል። ከእኔ ጋር የምትሄድ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነበረች፤ የእጄን መንቀጥቀጥ አይታ፣ «መኪናሽን ብርድ ብርድ ይላታል እንዴ?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ግን ቀበቶዋን ጠበቅ ስታደርግ አይቻለሁ።

ማታ ለጋሼ ስነግረው አልደነገጠም፤ እንዲያውም ወንበሩን ሳበና ይጠይቀኝ ገባ። በስንት ይጀምራል? ፍሬን ስትይዢ ይብሳል? እጅሽን ነው ወይስ መቀመጫሽን?

«ምን ልዩነት አለው?»

«እጅሽን ከሆነ ፊት ነው፤ መቀመጫሽን ከሆነ ኋላ። ፍሬን ስትይዢ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ መኪና ወይ ይሄዳል ወይ ይቆማል እንጂ፣ እንዲህ እንደ ሕመምተኛ የሚመረመር መሆኑን አላውቅም ነበር። ፍሬን አይደለም፣ እጄን ነው አልኩት። «እንግዲያው ባላንስ ነው፤ የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አይደለም» አለ። አራቱንም ጎማ ቤት ወሰድናቸው፤ ሰውየው እያንዳንዱን ማሽን ላይ እያሽከረከረ ትንንሽ የእርሳስ ክብደት ለጠፈባቸው። ማሽኑም በመጨረሻ የክብደት ልዩነቱን ዜሮ አሳየ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጋሼ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። የሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀም።

«እህስ?»

ምንም አልተሻለውም ነበር። ግን ፊቱን አየሁትና፣ «ጠፋ፣ ጋሼ። እጅህ ይባረክ» አልኩት።

ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላጣሁትም። ይሉኝታ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሰሃን የሚያጥብ ታላቅ ወንድሜን፣ እዚህ አገር የሠራው የመጀመሪያው የመኪና ሥራ አልሆነም ብዬ ልነግረው አፌ እሺ አላለኝም። እዚያው ቢቀር ደግሞ ምንም አልነበረም። በዚያው ሳምንት ግን ከምግብ ቤቱ ጀርባ ጋራዥ ካለው አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋር ወሬ ይጀምራል። ጋሼ የዕቃ ስም በእንግሊዝኛ አያውቅም፤ ከጣሊያንኛ የወረስናቸውን ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ሞዞ፣ ኩሽኔታ እያለ ሲያወራ ሰውየው ዕቃ በአባቱ ቋንቋ የሚጠራ አፍሪካዊ አገኘሁ ብሎ በሳቅ ይፈርሳል። ጋሼም የእህቴ መሪ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ባላንስ መሆኑን አውቄ አዳንኩት ብሎ አጫወተው። ሰውየው፣ «ሰኞ ና፤ አንድ ቀን ሥራና ልይህ» አለው።

ይህን ረቡዕ ማታ ነገረኝ። ሐሙስን እንደምንም አለፍኩት። ዓርብ እራት ላይ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ መሪው አልተሻለውም።»

«መቼ ጀመረው ደግሞ?»

«አላቆመም።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጠፋ አላልሺኝም?»

«ደስ እንዲልህ ብዬ ነው።»

«ደስስ ብሎኝ ነበር።» ሰሃኑን ገፋ አድርጎ፣ «እኔ መንዳት አልችልም። ያለኝ እጅ ያንቺ እጅ ነው። እሱ ከዋሸኝ በምን ልወቀው?» አለኝ። ቁጣ የለውም ድምፁ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የእህቴን ጎማ ሳላውቅ የሰው መኪና ልነካ? ይሄ ነገር ካልተገኘ ሰኞ አልሄድም።»

ቅዳሜ ጠዋት ቡና እንኳ ሳይጠጣ ወረደ። እኔን ግን አታስፈልጊም አለኝ። «ላይ ሁኚ። ስጠራሽ ትወርጃለሽ፣ ትነጂያለሽ፣ የተሰማሽን ትነግሪኛለሽ። ምን እንደሠራሁ አልነግርሽም።» ገባኝ። የሚፈልገውን መልስ ካላወቅሁ ላስደስተው አልችልም።

መጀመሪያ ስወርድ ክሪኩ ወጥቷል፣ እጁ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። በዶን ቫሊ መንገድ በኩል ፎር ኦ ዋን ወጣን። ጋሼ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። ሰረቅ አድርጌ ሳየው፣ «መንገዱን እዪ፤ እኔ ዘንድ የተጻፈ ነገር የለም» አለኝ።

ዘጠና አምስት። «ያው ነው» አልኩት፤ ልቤ እየፈራ። «ምንም ለውጥ የለውም።»

«ምንም ስላልነካሁ ነው» አለና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። የተፈተነው መኪናው ሳይሆን እኔ ነበርኩ።

ተመልሰን፣ እኔም እንደገና ላይ ቆይቼ በተጠራሁበት ሁለተኛ ዙር ግን ዘጠና አምስት ደረስኩ፣ መቶም አለፍኩ፤ መሪው እንደ ተኛ ሕፃን። ከታች መቀመጫዬን ትንሽ ነዘር ነዘር ያደርገኛል እንጂ እጄ ላይ የለም። ይህንኑ ነገርኩት። ለካ ፊት ላይ አሮጌዎቹን ቸርኬዎች አየር ሞልቶ መልሷቸው፣ አዲሶቹን ኋላ ብቻ ትቷቸው ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ ከመሪው አይደለም፣ ከአዲሶቹ ነው። አዲሶቹን ደግሞ ማሽኑ ዜሮ ብሏቸዋል። ፓርኪንጉ ላይ ተመልሰን ተቀምጠን ይህን ስናገላብጥ ቆየን። ማሽን ላይ ጤነኛ የሆነ ነገር መኪና ላይ እንዴት ይታመማል?

መልሱን ያገኘነው ደክሞኝ ነው። አሮጌዎቹን አውርዶ አዲሶቹን ሲመልስ እኔ አግዘዋለሁ። የወረደውን አሮጌ ቸርኬ ከመንገድ ላይ ላንሳ ብዬ፣ ጎንበስ ማለቱ ሰልችቶኝ፣ እዚያው ሞዞው ላይ መልሼ ሰካሁት። ሞዞ ቸርኬው መሐሉ ላይ የሚገባበት የብረት እምብርት ነው። ጥብቅ ብሎ ገባ፤ ዳዶው፣ የቡሎኑ ማሰሪያ፣ ሳይታሰር፣ ሳልይዘው ተንጠልጥሎ ቀረ። አዲሱን ስሰካው ግን ዘጭ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ለምን መሐል ላይ አይቀመጥም?»

ከተንበረከከበት ቀና አለ። የአመልካች ጣቱን ጥፍር በሞዞውና በቸርኬው ቀዳዳ መካከል ሰደደው። ገባለት። እንደገና ሰደደው። «ማሽኑ መሐሉን ይዞ ነው የሚያሽከረክረው» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። «እዚህ ግን መሐሉን የያዘው ማንም የለም። በዳዶ ብቻ ነው የታሰረው፤ እንደ ጠመመ ታስሯል።» ቀጥሎ እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። «የቡሎኑን ርቀት በክር ለካሁ። መሐሉን አልለካሁም። ሃያ ዓመት ሙሉ ቸርኬ ሁሉ ልክ ሆኖ ነው የመጣልኝ፣ መለካት እንዳለበት ማን ነገረኝ?»

ጎማ ቤት ሄደን እንግሊዝኛው ለሁለታችንም ሲጠፋን፣ ጋሼ ወረቀት ላይ ሁለት ክብ ሥሎ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ አጠቆረው። ሰውየው ከመሳቢያ ያንን ባዶ ቦታ የሚሞሉ አራት ስስ የፕላስቲክ ቀለበቶች አወጣ። እንዲህ ያለ ዕቃ በዓለም ላይ መኖሩ ለጋሼ ብርቅ ሆነበት፤ ቤት እስክንደርስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያገላብጣቸው ነበር።

ገጥሞ ሲጨርስ ሊመሽ ምንም አልቀረውም። ወጣን። ዘጠና፣ ዘጠና አምስት፣ መቶ፣ መቶ አሥር። ጋሼ አሁንም መስኮቱን ያያል፣ እጆቹን ግን ጭኖቹ መካከል ወትፏቸዋል።

«እህ?»

«ዘጠና አምስት ላይ የለም። መቶ አሥር ላይ ግን ትንሽ አለ። እጄ ላይ ሳይሆን ከታች።»

ዞሮ አየኝ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«ከኋላዎቹ አንዱ ትንሽ ጎብጧል ማለት ነው» አለ። «አሁን ጨርሶ ጠፋ ብትይኝ ኖሮ አላምንሽም ነበር።»

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ተላጭቶ፣ ሰማያዊ ቱታውን በፌስታል ይዞ በባቡር ብሉር ወረደ። ለጣሊያኑ መጀመሪያ ባላንስ ነው ያለው ስህተት እንደነበር፣ የጎደለችውም ያቺ ቀለበት እንደነበረች፣ አሁንም አንድ ጎባጣ ቸርኬ እንዳለች ነገረው። ሰውየው ሰምቶት ሲያበቃ የአንድ ታክሲ ጎማ እንዲያወርድ አዘዘው። ማታ መጥቶ እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበ፣ እራቱን እየበላ ይህን ነገረኝና ተኛ። ማክሰኞም ቱታውን ይዞ ጋራዡ ሄደ።